አንኮበር ለምን ትንሽ ከተማ ሆና ቀረች? በመስከረም የሚነበብ የመንገድ ታሪክ

መስከረም ሲጠባ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ሥራ ይበዛበታል። እንቁጣጣሽን ቤተሰብ ጋ ሊያሳልፍ የሚሄድ አለ። መስቀልን አገር ቤት ሊያከብር የሚሄድ አለ። መስከረም 21 ለሚውለው የግሸን ማርያም ንግሥ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አምባሰል የሚጓዘው ተሳላሚም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ አደይ አበባና ያልታጨደ ገብስ ነው፤ ወሩ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ የባቄላ እሸት የያዙ ልጆች መንገድ ዳር ይቆማሉ።

እኔ የሠለጠንኩት በምህንድስና ነው፤ ታሪክ ሳነብም ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው መንገዱ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የት ማደርና የት ፎቶ መነሳት እንደሚያምር አልነግራችሁም። አንድ ጥያቄ ይዘን እንጓዝ፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ከለንደንና ከፓሪስ መልእክተኞች የመጡባት ከተማ ናት። ታዲያ ዛሬ ለምን ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ሆነች?

የተለመደው መልስ «ምኒልክ ዋና ከተማውን ስላዛወሩ» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። ብዙ ከተሞች ነገሥታት ከለቀቋቸው በኋላም አድገዋል። ቀሪውን ግማሽ ለማግኘት ክረምቱን፣ ገደሉን፣ በቅሎውንና ባቡሩን ማየት አለብን። (እ.ኤ.አ. ያልኩበት ዓመት በፈረንጅ፣ ዓ.ም. ያልኩበት በእኛ አቆጣጠር ነው።)

«እንዴት ከረማችሁ?»

በቅድሚያ፣ ለምን መስከረም? የዝናብ ቀበቶ በዓመቱ ውስጥ ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ በእኛ ደጋ ላይ ይሰነብታል፤ በመስከረም ወደ ደቡብ መመለስ ይጀምራል። ሰማዩ ይከፈታል፣ ወንዞች ይጎድላሉ፣ ጭቃው ይጠነክራል።

ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ይህ ለውጥ የአየር ጠባይ ወሬ ብቻ አልነበረም። ክረምት ማለት መንገድ የተዘጋበት ወቅት ማለት ነው። ሠራዊት አይዘምትም፣ ነጋዴ አይንቀሳቀስም፤ ሰው ሁሉ ባለበት ይከርማል። ቋንቋችንም ይህን አልረሳም። ለረጅም ጊዜ ያልተገናኘ ሰው «እንዴት ከረማችሁ?» ይላል፤ «ክረምት» እና «ከረመ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ዛሬ በየካቲትም በግንቦትም የምንለው ሰላምታ የመንገድ ታሪክ አለበት ማለት ነው።

መስቀል እንግዲህ ሰው እንደገና የሚገናኝበት በዓል ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በሸዋ ቤተ መንግሥት መስቀል ሠራዊት ተሰብስቦ በንጉሡ ፊት የሚያልፍበት ቀን ጭምር እንደነበር በጊዜው የነበሩ የውጭ እንግዶች ጽፈዋል። ቀኑ ከመንፈሳዊ ትርጉሙ ሌላ ተግባራዊ ትርጉምም ነበረው፤ ወንዝ ጎድሏል፣ መንገድ ተከፍቷል፣ ንጉሡም ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ያያል። በ2013 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመስቀል በዓልን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ድንኳን የነበረው ዋና ከተማ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ደብረ ብርሃን ስንገባ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነን። ከተማዋን የቆረቆሩት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው (የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.)። በሰማይ ላይ ብርሃን ስለታየ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ፤ በዚያም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። በ1456 እ.ኤ.አ. የሃሌ ጅራታም ኮከብ በምድር ሰማይ ላይ ታይቶ ስለነበር፣ ብርሃኑ ምናልባት እሱ ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህ ግምት ነው፤ ሆኖም ደስ የሚል ግምት ነው።

ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመን ሌላ ነገር ነው። በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ቋሚ ዋና ከተማ አልነበራቸውም፤ ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነበር፤ ሳርና ማገዶ ሲያልቅ ይነቀላል። ዘርዐ ያዕቆብ ግን እስኪሞቱ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ደብረ ብርሃን ላይ ተቀመጡ። ቦታው ሜዳ ነው፤ ለድንኳን፣ ለፈረስና ለከብት የሚመች ሰፊ ደጋ ነው። መስከረም 21 የሚከበረውን የግሸን ግማደ መስቀል ታሪክም ትውፊቱ የሚያያይዘው ከእኚሁ ንጉሥ ጋር ነው። ስለዚህ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ግሸን የሚሄድ ተሳላሚ፣ አሰበውም አላሰበውም፣ በአንድ ንጉሥ ታሪክ ውስጥ ነው የሚጓዘው።

ሜዳው የሚያልቅበት ቦታ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ መሬቱ ለጥቂት ጊዜ ሜዳ ይሆንና በድንገት ያልቃል። እዚህ ላይ ደጋው ወደ አፋር ቆላ ይገነደሳል። ይህ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ነው። የኢትዮጵያን ደጋ የገነባው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምድር እየተሳበችና እየተሰነጠቀች የአፋር በኩል ወደ ታች ሰመጠ። አፋፉ ላይ ቆማችሁ የምታዩት ገደል የዚያ ስንጥቅ ጠርዝ ነው።

አፋፉ ውሃንም ይከፍላል። በደብረ ብርሃን የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ፣ ዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይሄዳል። ከአፋፉ ምሥራቅ የወረደ ዝናብ ግን ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ሐይቆች ውስጥ ያልቃል። ሁለት ጠብታዎች ጥቂት እርምጃ ተራርቀው ይወድቃሉ፤ አንዱ ግብፅ ሊደርስ ይችላል፣ ሌላው ከአፋር አይወጣም።

ጉሙም የዚህ ገደል ሥራ ነው። ከቆላ የሚመጣው እርጥብ አየር ግድግዳውን ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ደግሞ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ ሲቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበት መሸከም ያቅተውና ጉም ይሆናል። በአንኮበርና በጣርማበር ሾፌሮች በቀን መብራት የሚያበሩት ለዚህ ነው።

አሁን ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ እንበላቸው፦ አንኮ-በር፣ ጣርማ-በር። ሁለቱም በር ናቸው። በዚህ ረጅም ግድግዳ ላይ ሰውና ከብት መውጣትና መውረድ የሚችልባቸው ቦታዎች ጥቂት ነበሩ፤ በሩን የያዘም ግድግዳውን ያዘ።

ግመል የሚቆምበት፣ በቅሎ የሚነሳበት

የ1840ዎቹን እ.ኤ.አ. አንኮበር ለመረዳት ከባሕር ጀምሩ። ነጋዴዎች ከታጁራ ወደብ ተነስተው የአፋርን በረሃ በግመል ያቋርጣሉ። ጨውና የውጭ ጨርቅ ወደ ላይ ይመጣል፤ የዝሆን ጥርስና ቡና ወደ ታች ይወርዳል። ሰዎችም ለባርነት ተሸጠው በዚሁ መንገድ ይነዱ ነበር፤ ታሪኩን ስናወራ ይህን መዝለል አይገባም።

ግመል በሜዳማ በረሃ የሚስተካከለው የለም፤ ለቀዝቃዛና ለሚያንሸራትት ገደል ግን አልተፈጠረም። ስለዚህ ጭነቱ ከገደሉ ሥር ይራገፋል። ፋሬ የንጉሡ ኬላ ነበረች፤ ከዚያ ከፍ ብሎ አልዩ አምባ የገበያ ከተማ ነበረች። አርጎባ፣ አፋር፣ አማራና ኦሮሞ፣ ከባሕር ዳርቻና ከሐረር የመጣ ሙስሊም ነጋዴ እዚያ ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ተራው የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ነው። አንድ ግመል ያመጣውን ለመሸከም በግምት ሁለት በቅሎ ያስፈልጋል።

በትራንስፖርት ትምህርት ጭነት ከአንድ ማጓጓዣ ወደ ሌላ የሚዛወርበት ቦታ ልዩ ትኩረት ይሰጠዋል። ወደቦች የሚያድጉት ለዚህ ነው፤ ዕቃው እዚያ መቆም አለበት። ዕቃ በቆመበት መጋዘን፣ ቀረጥ፣ ደላላ፣ ማደሪያና ምግብ ይኖራል። ባሕር ባይኖራትም የአንኮበር ግርጌ በዚህ መልኩ ወደብ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ.) ከላይ ተቀምጠው የሚገባውንም የሚወጣውንም ይቆጣጠሩ ነበር። የውጭ እንግዳ ያለ እሳቸው ፈቃድ ኬላውን አያልፍም።

እንግዶቹም መጡ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በ1839 እ.ኤ.አ. ደረሰ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በዚያው ዓመት። በ1841 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ ከታጁራ በበረሃው አቋርጦ መጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራረመ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ለንደንን የሚያክል መንግሥት መልእክተኛ የላከው ወደ ጎንደር ሳይሆን አንድ ገደል አናት ላይ ወዳለች ከተማ ነው። ምክንያቱ በሩ እዚያ ስለነበረ ነው።

ገደሉ መከላከያም ነበር። ከሥር የሚመጣ ጠላት ሲወጣ ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ አንድ ጥያቄያችን ተመለሰ፦ አንኮበርን ያነገሣት ገደሉ ነው።

ባቡር ለምን አንኮበር አልወጣም?

ምኒልክ በ1865 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲመለሱ መቀመጫቸው አንኮበር ነበረች። በኋላ ወደ ልቼ፣ ወደ እንጦጦ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ቢሆንም አንኮበር ወዲያው አልተረሳችም። የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአጠገቧ የምርምር ጣቢያ ከፍቶ ነበር፤ መሪው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1882 እ.ኤ.አ. የሞተው እዚያው ነው።

ከባዱ ምት የመጣው ከብረት ነው። የጅቡቲ ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ። ከባሕር ወደ ሸዋ የሚወስደው አጭሩና ነባሩ መንገድ በአንኮበር በኩል ሆኖ ሳለ ባቡሩ ለምን ዞረ?

ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ሰበቃው ትንሽ ነው። ብዙ ጭነት በትንሽ ኃይል መጎተት የሚችለው ለዚህ ነው፤ ዳገት ላይ የሚንሸራተተውም ለዚህ ነው። ተራ ባቡር በ100 ሜትር ርዝመት ከ2 ወይም 3 ሜትር በላይ ከፍ ማለት ይከብደዋል። ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር ወደ 1000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት አለ። በ100 ሜትር 2.5 ሜትር እንውጣ ብንል ለ1000 ሜትር ከፍታ 40 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። በቅሎ ግን ያንን ዳገት በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች። በሌላ በኩል ከአዋሽ ጣቢያ እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር ዳገቱን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ላይ ያከፋፍለዋል። ለመሐንዲስ ምርጫው ግልጽ ነው።

በቃ፣ ጭነት አንኮበር ግርጌ መራገፉ ቀረ። ግመሉ ከድሬዳዋ ባቡር ጋር መወዳደር አልቻለም። አንኮበርን ያነገሣት ያው ገደል አስረሳት። ገደሉ አንድ ሜትር እንኳ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማጓጓዣው ነው።

የጣርማበር ዋሻ

ሁለተኛው ምት በወረራው ዘመን መጣ። ፋሺስት ጣሊያን ከአሥመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ የመኪና መንገድ ሠራ። ዓላማው ወታደርና መሣሪያ በፍጥነት ማመላለስ ነበር፤ በሰሜን ሸዋ በእነ አበበ አረጋይ የሚመሩ አርበኞች እረፍት አልሰጡትም። መንገዱ ግድግዳውን የሚሻገርበት ቦታ ሲመረጥ ከሁለቱ በሮች ዕጣው የወጣው ለጣርማበር ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራው ተበስቶ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ተሠራ። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት በዋናው መንገድ ላይ ሆኑ፤ አንኮበር ለብቻዋ በቅርንጫፍ መንገድ ጫፍ ቀረች። ዛሬ የግሸን ተሳላሚ በአንኮበር በኩል የማያልፈው ለዚህ ነው።

ዋሻውን አልፎ መውረድ ለሾፌር ፈተና ነው። እስቲ እናስላው። ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ቢያንስ 1700 ሜትር እንወርዳለን። 10 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 1700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፦ 10000 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ1700፣ 167 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ 500 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ፍሬን ብቻ ከተያዘ ይህ ሁሉ ሙቀት ጎማ ሥር ይከማቻል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ልምድ ያለው ሾፌር በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወርደው ሙቀቱን ሞተሩ እንዲካፈልለት ነው። «ምነው ተንቀራፈፈ!» ከማለታችሁ በፊት እነዚያን 500 ሊትር አስቡ።

የመስከረም ሌላ ፊትም አለ። ዝናቡ ሲያቆም አደጋው ያበቃ ይመስላል፤ ገደሉ ግን ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ ገና በሆዱ ይዟል። ውሃ በአፈርና በድንጋይ ክፍተት ውስጥ ሲጠራቀም ክብደት ይጨምራል፤ ግፊቱ ደግሞ የላይኛውን አፈር በከፊል ይሸከመውና ከሥሩ ጋር ያለውን ሰበቃ ይቀንሳል። ከዚያ ተዳፋቱ ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ፣ አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን፣ በደብረ ሲና አካባቢ ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውንና ማሳቸውን አጥተዋል። በዚህ ግድግዳ ላይ መንገድ የሚሠራ ሁሉ የውሃ መውረጃውን ከአስፋልቱ እኩል ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

መንገድ ያልደረሰበት ምን አተረፈ?

እስካሁን መንገድ ማጣት ጉዳት ብቻ አስመስዬዋለሁ። ሌላ ገጽም አለው። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ታጥፎ የሚሄደው መንገድ ወደ መንዝ ጓሳ ይወስዳል። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ከ3200 ሜትር በላይ የሚገኝ የሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ያቆየው በአዋጅ የተከለለ ፓርክ መሆኑ አይደለም። የአካባቢው ሰው ለ400 ዓመት ገደማ «ቀሮ» በሚባል የራሱ ሥርዓት መሬቱን ለዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ በወግ ያጭድ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ።

በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጽድና ዝግባ ያለበት ተፈጥሯዊ ደን ነው። በአንኮበር ገደሎች ላይ በ1976 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አዲስ የሆነች ትንሽ ወፍ ተገኝታ የከተማዋ ስም ተሰጥቷታል። ገደሉ ነጋዴውን ሲያባርር ደኑንና ወፏን ደብቆ አቆይቷል።

ስለዚህ ለአንኮበር ምን እንመኝላት? ሰፊ መንገድ ሲመጣ ሐኪም፣ ገበያና እንግዳ ይመጣል፤ እናት ለምጥ ደብረ ብርሃን ቶሎ ትደርሳለች። ከዚያው ጋር ከሰል የጫነ መኪናና ያልተጠና ቁፋሮም ይመጣል። «መንገድ ይሠራ ወይስ አይሠራ» የሚለው ክርክር ብዙ አይጠቅምም፤ የአንኮበር ሰው መንገድ ይገባዋል። የሚጠቅመው ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ ደኑን ማን እንደሚጠብቅ፣ ከእንግዳው ገንዘብ ስንቱ እዚያው እንደሚቀር አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ጓሳ ላይ ሕዝቡ ከመቶ ዓመታት በፊት የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

በሩ ዛሬም በር ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ የአገር ዓይን ጣርማበር ላይ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በአካባቢው መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ድሮ መንገድ የሚዘጋው ክረምት ነበር፤ መቼ እንደሚከፈትም ሁሉ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ያለ ዘመድ ጋ ደውላችሁ ጠይቁ።

መንገዱ ሰላም ሆኖ ከሄዳችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ ምሥራቅ ታጠፉ። አንኮበር ስትደርሱ ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ኮረብታ ውጡና ፊታችሁን ወደ አፋር አዙሩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ፈልጋችሁ «አባባ፣ ድሮ በቅሎው ወደ አልዩ አምባ በየት ነበር የሚወርደው?» በሏቸው። የሚያሳዩዋችሁን መንገድ በስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ የነገሯችሁንም ጻፉት። የ1841ዱን የእንግሊዝ መልእክተኛ ጉዞ እንግሊዞቹ ጽፈውታል፤ ጭነቱን ተሸክሞ ያንን ዳገት የወጣውን ሰው ታሪክ ግን የሚያውቁት እዚያ ያሉት ናቸው።